የደምሴ መርዶ

ደብረ ታቦር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለጥሩወርቅ፤

እንዴት ከርመሻል ጥሩዬ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ደግሞ ደህና ነን ማለቴ ነው፤ የደበቅኩሽ ነገር የለም። እናትሽን ብርድ ሲገባ እንደ ልማዱ ጉልበቷን ይቆረጥማታል፤ እኔም መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መንገደኛ መለመን ጀምሬያለሁ። ጋፋት ያለችው መሬታችን ገብሷ ዘንድሮ ደህና ናት፤ አጭደን ከምረናል። ከዚህ ያለፈ በቤታችን ምንም የለም። ይህን ለምን አጥብቄ እንደምነግርሽ ስታነቢ ይገባሻል።

ደብዳቤ መጻፌ ወድጄ አይደለም። ኔትወርክ ከጠፋ ከረመ፤ ስልኩን ሰዓት ለማየት ብቻ ነው የምይዘው። ይማም ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጣ ነገ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ጽሑፉ ካልተነበበልሽ የይማምን ስልክ እንጂ የኔን እጅ እንዳትወቅሺ። ይኸው አሁንም አጠገቤ ቆሞ «አታብዛው፣ ገጹ በበዛ ቁጥር ፎቶው ይበዛብኛል» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ከሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ ሰውዬው አንድ ቀን በሰላም አውሎኝ አያውቅም።

መስከረም ላይ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ፣ የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ስለሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ። በደንብ ማዳመጤን እንድታውቂ ልድገምልሽ። ባሕሩን ተሻግረው በጀልባ ወዳላችሁበት አገር የሚመጡትን ስደተኞች ወደቡ ላይ ስትቀበሉ፣ አንቺም በነፃ ስታስተረጉሚላቸው፣ ደምሴ የሚባል የአንበሳሜ ልጅ ሳንባውን ታሞ ወረደ። ሆስፒታል አብረሽው ቆየሽ፤ እዚያው አረፈ። ለእናቱ ንገሪያት ብለው ስልክ ሰጡሽ። አንቺም ደውለሽ፣ «እማማ፣ ደምሴን ትንሽ አሞታል፤ ሐኪም እያየው ነው» ብለሽ ዘጋሽ። ያልሽውን ለአለቃሽ ስትነግሪያት፣ ለነርስነት ትምህርቱ የምትመሰክርልሽ ሴትዮ ማለት ነው፣ «እናትን የሚዋሽ ሰው እንዴት አድርጎ ነርስ ይሆናል?» አለችሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደቡን ረግጠሽው አታውቂም።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ። አንዱ፣ «አባባ፣ አንበሳሜ ሄደው በወጉ ያርዱልኝ፤ እኔ መርዶ በስልክ መንገር አልሆነልኝም» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ነርስነቱም ይቅርብኝ፤ አገሬ ናፍቆኛል። አንድ ቃል ይበሉኝና ነይ ካሉኝ እመጣለሁ» የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ፈጽሜያለሁ። የሁለተኛው መልስ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ዘለሽ ወደ መጨረሻው እንዳትሄጂ። ልጅ ሆነሽ ተረት ስነግርሽ መጨረሻውን አስቀድም እያልሽ ታስቸግሪኝ ነበር፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ያን ድምፅ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ደስ አለኝ። የሰው ልጅ ሞቶ፣ ልጄ ተሰብራ፣ እኔ ደስ አለኝ። ልትመጣ ነው አልኩ። ለእናትሽ ሳሰማት እሷም ስለ ልጁ እንባዋን ጠረገችና ወዲያው ተነስታ መኝታሽ ያለበትን ክፍል መጥረግ ጀመረች። ኖራ ገዝተሽ ግድግዳውን ቀቢው ብላት ለወትሮው ስንት ሰበብ የምታበዛው ሴትዮ፣ በማግስቱ ነጭ አድርጋ ጠበቀችኝ።

እኔ ደግሞ ከይማም ሱቅ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ መረጥኩልሽ። ዘርግቼ፣ መቀሱን አንስቼ ቆምኩ። ልክሽን አላውቀውም። ስትሄጂ የነበረው ልክ በቃሌ አለ፤ ትከሻሽን፣ ወገብሽን፣ ክንድሽን እስከ አንጓው። አሁን ወፍረሽ ይሁን ከስተሽ የማውቀው ነገር የለም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ባለፈው ዓመት በስልክ ጠይቄሽ «መካከለኛ ነኝ» አልሽኝ። መካከለኛ ልክ አይደለም ጥሩዬ፤ የሱቅ ልብስ የሚገዛ ሰው ወሬ ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ለክቼ አለብሳለሁ፣ የገዛ ልጄን ልክ አላውቅም። ይህን ሳስብ ሥራ ያስጠላኛል። ጨርቁን ሳልቆርጠው አጥፌ አስቀመጥኩት።

ወደ አንበሳሜው ልመለስ። መንገዱ ተዘግቶ ከረመ፤ ተከፈተ ሲሉን ስንነሳ፣ ተዘጋ ሲሉን ስንቀመጥ ኅዳር ገባ። ይማም ብቻህን አትሄድም ብሎ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ገበያው ላይ በሚያውቃቸው ነጋዴዎች በኩል የደምሴን አጎት አገኘነውና እሱ ቤት አደርን። የእናቲቱ የነፍስ አባት ተጠሩ፤ ለቅርብ ጎረቤቶችም በሹክሹክታ ተነገራቸው። እህል ሳይቀምሱ እንዳይረዱ ብለን አንዲት ጎረቤታቸው ራት ይዛላቸው እንድትሄድ አደረግን።

እኔና ይማም ግን ማን ይናገር በሚለው ተጣላን። እኔ መንገዱን ሙሉ ቃል ሳሳምር ነበር የመጣሁት። እሱ ደግሞ «አንተ ለክርክር እንጂ ለመርዶ አትሆንም፤ ቄሱ ይናገሩ» አለኝ። «ልጄ የላከችው እኔን ነው» አልኩት። «የላከችህ እንድትደርስ ነው፣ እንድትሰብክ መች አለችህ» አለኝ። ሲናገረኝ የሚያናድደኝ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለሚሆን ነው፤ ይህን እንዲያነበው ግን አልፈልግም።

ጎሕ ሲቀድ ሄድን። አንኳኩተን፣ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰን የምንገባ መስሎን ነበር። በሩ ክፍት ነው። ቤቱ ተጠርጓል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፏል፣ ያለው በርጩማ ሁሉ ተደርድሯል። እናቲቱ ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መሐል ቤት ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩንና፣

«ዘገያችሁ» አሉን።

ያሳመርኩት ንግግር ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ቄሱም መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «በሉ እንጂ» አሉ እሳቸው። «እናንተ ሳትሉኝ ማልቀስ አልችልም።» ያን ጊዜ ቄሱ፣ «የሺ ልጄ፣ ደምሴ አርፏል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏቸው።

እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ታፍኖ የኖረ ለቅሶ ነው። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዟቸው። እኔ የቤቱን ምሰሶ ይዤ ቆሜ የማስበው ስላንቺ ነበር፤ አንቺ በበረሃው በኩል የሄድሽ ጊዜ ወሬሽ ጠፍቶ የሰነበተበት ወራት ትዝ አለኝ። በየማለዳው በር ሲንኳኳ እንዴት እንደምሆን እናትሽ ታውቃለች። ይማም ወጥቶ አጥሩ ጥግ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆሞ ነበር፤ ብርድ መታኝ ብሎኛል።

ረፋድ ላይ አገሩ ለለቅሶ ወጣ። አስከሬን የለ፤ ትቶት የሄደውን ጃኬት መሐል አድርገው ነው የተለቀሰው። ሰው ቀለል ሲል እናቲቱ አስጠሩኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ስሟን ማን አሏት?»

«ጥሩወርቅ።»

«ትንሽ አሞታል ስትለኝ ያን ጊዜውኑ ነው ያወቅሁት። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ። እኔም ለሰው እንዲሁ ብዬ አውቃለሁ። ከዚያ ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልኩ ጠበቅሁ። የሚያረዳኝ ሳይመጣ ባለቅስ በልጄ ላይ ማሟረት ይሆንብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ማን ያውቃል፣ እውነትም አሞት ይሆናል እላለሁ። ሰው ልጅሽ እንዴት ነው ሲለኝ አሞታል እላለሁ፤ እግዜር ይማረው ይሉኛል፤ አሜን እላለሁ። ትናንት ማታ ጎረቤቴ ራት ብይ፣ ብይ ብላ ስታስጨንቀኝ፣ እንግዲህ ነገ ነው ብዬ ቤቴን ጠረግሁ።»

«ልጄን ይቅር ይበሏት። አስጨነቀችዎ» አልኩ።

«ምን አድርጋ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «የደወለች ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። እሳት ላይ ነበርኩ። ሞቷል ብትለኝ ማን ይይዘኝ ኖሯል? ደግ አደረገች። የዘገያችሁት እናንተ ናችሁ።»

መንገዱ ተዘግቶ ነበር አላልኳቸውም። ልጇ ለሞተባት ሴት የመንገድ ወሬ አይነገርም።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻውን ነበር?» አሉኝ። ከገባሁ ጀምሮ ሊጠይቁኝ የፈለጉት ይህንኑ ኖሯል። አንቺ የነገርሽኝን ሁሉ ነገርኳቸው። እጁን ይዘሽው እንደነበር፣ ከየት ነሽ ሲልሽ ደብረ ታቦር ስትይው «እንግዲያ ጎረቤቴ ነሽ» ብሎ እንደሳቀ፣ መድኃኒቱን አልውጥም ብሎ ሲያስቸግር «እንደ እናቴ ተቆጪኝና እውጣለሁ» እንዳለሽ፣ አንቺም እንደተቆጣሽውና እንደዋጠ።

ወይዘሮ የሺ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ምን ብላ ተቆጣችው?»

አላውቅም አልኳቸው። ለካ ይህን አልነገርሽኝም።

«ይጠይቁልኝ። እኔ እኮ ሳልቆጣው ነው የሄደው። ገበያ ሄጄ ስመለስ የለም። ኋላ ከሱዳን ሲደውል ድምፁን በመስማቴ ብቻ አንጀቴ ራሰና አንድ ክፉ ቃል አልተናገርኩትም። ይገባው ነበር ቁጣው። እሷ ተቆጥታልኛለች።»

ስለዚህ ምን ብለሽ እንደተቆጣሽው ጻፊልኝ። አንድም ሳታስቀሪ፣ ስድብም ቢኖርበት። ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ ላኩብሽ። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። በዚያ አገር የኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሩቅ ከተማ እንደሆነ ነግረሽኛል፤ ሩቅም ቢሆን ሄደሽ ስሙን ለካህኑ ስጪ፣ ፍትሐት እንዲደርስለት። እስከ አሁን ስሙን የሚያውቅ ካህን አላገኘም። ለሙት ዓመቱ ተዝካር ደግሞ መቃብሩ ላይ ጧፍ አብሪለት። «እዚያ አገር ወገኑ እሷ ናት» ብለዋል።

ልሰናበታቸው ስነሳ ነጠላዬን ያዙኝ። «በጀልባው ሌላም ልጅ ይመጣል አይደል?»

«ይመጣል ይላሉ።»

«ልጅዎ እዚያው ናት አይደል?»

ጥሩዬ፣ እኔ ከቤቴ የወጣሁት ይህን ለቅሶ ፈጽሜ ስመለስ ነይ ብዬ ልጽፍልሽ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ልጄ ልትመጣልኝ ነው፣ ለሌላው ልጅ ሌላ ሰው ይፈለግለት ልላቸው እችል ነበር። እኔም እኮ አባት ነኝ። ዓይናቸውን ሳይ ግን «አዎ፣ እዚያው ናት» አልኩ። «ተመስገን» አሉና ነጠላዬን ለቀቁኝ።

ስንመለስ ይማም እስከ ወረታ ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ አሞት እንደሆነ ጠየቅሁት። «አሁን ምን ብለህ ልትጽፍላት ነው?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ዝም አለ፤ እሱም ገርሞኛል።

ለእናትሽ የለቅሶውን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ የመጨረሻውን ግን አልነገርኳትም። አሁን ነይ እያልኩ የምጽፍልሽ ይመስላታል። ጠዋት ከቤት ስወጣ በሩ ድረስ ተከትላኝ፣ «ስትመጣ ወፍራም ሹራብ ይዛ ትምጣ በላት፤ የአገሯን ብርድ ረስታዋለች» ብላኛለች። ጻፍ ስላለችኝ ጽፌዋለሁ።

አለቃሽ ያለችሽንም አስቤበታለሁ። ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። እናቲቱ እንዴት ሲጠብቁ እንደኖሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያ ጥበቃ ሰው ላይ መጫን የለበትም። አንቺም አልተሳሳትሽም፤ እሳት ላይ ላለች ብቸኛ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሂጂና አስረጂያት። እኛ ዘንድ ሞት ለብቻ ሰው አይነገርም፤ አስቀድሞ ዘመድ ይፈለጋል፣ የነፍስ አባት ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር እቅጩ ይነገራል በያት። ደምሴ ዓይነት ልጅ ሲመጣ፣ ገና መናገር ሳያቅተው የእናቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአጎቱን፣ የጎረቤቱን፣ የቄሱን ስልክ ጠይቀሽ ያዢ። የኛንም ቁጥር ጨምሪበት። በዚህ በኩል ያለ ከሆነ እኔና ይማም እንሄዳለን፤ ሁለተኛ አንዘገይም። ይህን የምታስረጂያት አንቺ ካልሆንሽ ማንም አያስረዳትም። ካስረዳሻትና ካልገባት ሌላ የሚመሰክርልሽ ሰው ፈልጊ እንጂ ትምህርቱን እንዳትተይው። ነርስ እሆናለሁ ያልሽኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆነሽ፣ መርፌ እጄን ወግቶኝ በጨርቅ ስትጠቀልዪልኝ ነው። አጠቀላለልሽ ደግሞ እጅግ መጥፎ ነበር።

እንግዲህ መልሴን አወቅሽው። ቆዪ። ወደ ወደቡ ተመለሺ። ለመጣው ልጅ ከየት ነህ በዪው፣ ጎረቤቱ ሁኚው፣ መድኃኒቱን አልውጥም ካለም ተቆጪው።

ልክሽን ላኪልኝ። ሜትር ከሌለሽ በክር ለክተሽ፣ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርግተሽ ቁጥሩን ጻፊ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ክንድ፣ ቁመት። ቀሚሱን ሰፍቼ በሰው እልክልሻለሁ።

ለእናትሽ ነገ በማለዳ እነግራታለሁ። እህቷን ትምጣልን ብዬ ልኬባታለሁ፤ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው።

በባሕሩ ያሻገረሽ አምላክ በየብስም አይለይሽ። በሰው አገር የሚቆጣሽ ዘመድ አያሳጣሽ። እጅሽ የነካው ሕመምተኛ ሁሉ በእግሩ ቆሞ ይመርቅሽ። የእናትሽንም የኔንም ዓይን አንቺን ሳናይ አይክደነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ያን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ሁለተኛ ከጠየቅሽኝ ነይ ነው የምልሽ።

ናፋቂ አባትሽ
ሙላቴ